ምራቅ የነካው አጥንት

ዶክተር አስካለ መሞቷን የሰማሁት ከቃሊቲ ወደ ሳሪስ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ የኋላ ወንበር ላይ ተጨፍልቄ ነው። ሾፌሩ ራዲዮ ከፍቷል። ዜና አንባቢዋ ስሟን ከነማዕረጉ ጠራችና፣ "በቅድመ ታሪክ ጥናት ከፍተኛ አስተዋጽኦ ያበረከቱ፣ ደፋርና ቆራጥ ምሁር ነበሩ" አለች። ወዲያው የሳሙና ማስታወቂያ ተከተለ።

"ውሸት ነው!" ብዬ ጮኽኩ፤ ሳላስበው።

ረዳቱ ዞር ብሎ አየኝ። "ምኑ ፋዘር? ሳሙናው?"

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ወራጅ አለ ብዬ ወረድኩና የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩት።

ደፋር አልነበረችም። ደፋር የሚባሉትን በዕድሜዬ አይቻቸዋለሁ፤ አብዛኞቹ የሰው ልጅ ከፊት አሰልፈው ከኋላ የሚፎክሩ ናቸው። አስካለ ፈሪ ነበረች። እንደ እሷ የሚፈራ ሰው አላውቅም። ውሻ ትፈራለች። ስልኳ ሲጮህ ትደነግጣለች። መኪና አጠገባችን ሲደርስ ፍጥነቱን ከቀነሰ ወሬዋን ታቋርጣለች። ስትቆፍር ብሩሹን በሁለት እጇ የምትይዘው አንዱ እጇ ብቻውን ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ግን ፍርሃቷን አትደብቅም። "ፈርቻለሁ" ትላለች፣ ሰው "ርቦኛል" እንደሚለው። ትንሽ ትተነፍስና ደግሞ "እሺ፣ እንቀጥል" ትላለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፍርሃቴን በስድብ ስሸፍን የኖርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም ነበር።

ያገናኘን ዶዘር ነው። ጊዜው ከኮዬ ፈጬ ወዲህ ያለው የእርሻ መሬት ሁሉ ችካል የተተከለበት ጊዜ ነበር። ጤፍና ሽምብራ ሲበቅልበት በኖረ ጥቁር አፈር ላይ ማሽን ይርመሰመሳል፤ ማዶ ኮንዶሚኒየሙ እንደ ጥርስ ተራ በተራ ይበቅላል። ገበሬው ለቆ ወጥቷል። አንዱ ዘበኛ ሆነ፣ አንዱ ጠጪ ሆነ፣ አንዱ ሁለቱንም ሆነ። እኔ ከፈትል ፋብሪካ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የማሽኖቹ ዘበኛ ሆኜ ነበር። አባቴ በባቡር ሐዲድ ሥራ ወደ አቃቂ የመጣ ሰው ነው፤ መሬት ኖሮን ስለማያውቅ መሬት ሲሄድ ብዙም አያመኝም ብዬ አስብ ነበር።

ያልለቀቁት ኦቦ ቱሉ ብቻ ነበሩ። እርጅና ያጎበጣቸው፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ በዱላና በግትርነት የቆሙ ሽማግሌ። ቤታቸው የቁልቋል አጥር አለው። ከአጥሩ ጥግ ከብት እንኳ የማይረግጠው የድንጋይ ካብ ነበር። ምንድን ነው ሲባሉ "የሰው ነው" ይላሉ። የማን ሰው ሲባሉ "የሰው" ይላሉ፣ ጠያቂውን እንደ ደንቆሮ እያዩ። ዶዘሩ ያን ካብ ሲገፋው ከሥሩ ራስ ቅል ተንከባለለ። ኦፕሬተሩ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ ወርዶ ሮጠ።

ኦቦ ቱሉ ወጡ። ራስ ቅሉን በሁለት እጃቸው አነሱት። አፈሩን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉለትና በኦሮምኛ እያነበነቡ መረቁት፣ "እንትፍ! እንትፍ!" እያሉ፣ እንደ ልጅ ልጃቸው። ግንባሩ ላይ፣ ጥርሱ ላይ። ምን አሉት ብዬ በኋላ ጠይቄያቸው ነበር። "ፀሐይ ላይ ያወጣንህ እኛ አይደለንም፣ አትቀየመን፣ በሰላም ተኛ አልኩት" አሉኝ። ይሄን እኔም አየሁ፣ የቀን ሠራተኛውም ሁሉ አየ። ደግ አደረጉ ብለን ቆባችንን አወለቅን።

መጀመሪያ የመጣው ፖሊስ ነው፤ የቅርብ ጊዜ ሬሳ መስሎት። ያኔ የቅርብ ጊዜ ሬሳ የማይጠረጠርበት ሜዳ አልነበረም። ፖሊሶቹ ቀርበው ሲያዩት "ይሄስ የኛ አይደለም" ብለው እፎይ አሉ። ለሚመለከተው ደወሉ። የሚመለከተው እሷ ሆነች።

በአሮጌ ፒክአፕ ድንኳንና ሳጥን ጭና መጣች። ወደ ሃምሳ የተጠጋች፣ አጭር፣ ቀጭን፣ ፀጉሯን በሻሽ የጠቀለለች ሴት። ገና ከመኪናው ሳትወርድ "ማን ማን ነካው?" አለች።

"ዶዘሩ። ከዚያ ኦቦ ቱሉ በእጃቸው" አልኳት።

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም፣ ዶክተር።"

ምርቃትን ማን መንካት ብሎ ይቆጥራል? ሰው ተመረቀ ይባላል እንጂ ተተፋበት አይባልም።

እኔን አጥንቱን እንድጠብቅላት የማሽኖቹን ባለቤት አስፈቅዳ ወሰደችኝ። ለቁፋሮው ሙሌ የሚባል የቀን ሠራተኛ ቀጠረች፤ አፉ ከአካፋው የሚፈጥን ልጅ እግር ጎረምሳ። ከዚያ እኔን፣ ሙሌንና ኦቦ ቱሉን ደርድራ አፋችንን አስከፈተችና ጉንጫችንን ከውስጥ በጥጥ ጠረገች።

"ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?" አልኩ።

"የናንተ ዘር ከሱ ዘር ጋር ተደባልቆ እንዳያሳስተኝ፣ ጋሼ ደምሴ። ከተደባለቀም የማን እንደሆነ እንድለየው።"

"ዶክተር፣ እባክዎ ቀስ ብለው ይናገሩ" አልኳት። በዚያ ዘመን "ዘር" የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ የሚናገር ወይ ካድሬ ነው ወይ እብድ ነው። እሷም ገባትና ዙሪያዋን አየች። "ፈርቻለሁ" አለች። ያን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። "እሺ፣ እንቀጥል። ደግሞ አንቺ በለኝ፤ አንተ ታላቄ ነህ።"

ከሥሩ ሌላም ነገር ወጣ። ራስ ቅሉ ከነበረበት ዝቅ ብሎ አንድ የወፍጮ መጅና አንድ የበሬ ቀንድ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኘን። አስካለ ጉልበቷ ላይ እንዳለች ቀረች። እያለቀሰች መሰለኝ፤ እየሳቀች ነበር።

ምሳችንን ድንኳኑ ጥላ ሥር ስንበላ አስረዳችኝ። በጣም ድሮ፣ ነገሥታት የሚባሉ ሳይኖሩ፣ እህል እየዘሩ የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ፣ ከብት እየነዱ የሚዞሩ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። አንድ ቀን ተገናኙ። እሷ ዕድሜዋን የፈጀችው ያን ቀን ስትፈልግ ነው።

"መጁ የዘሪው ነው፣ ቀንዱ የነጂው ነው" አለች። "ሁለቱ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ምን አገናኛቸው?"

"ገበያ" አልኩ።

"ሊሆን ይችላል።"

"ወይ ጦርነት።"

"ወይ ጋብቻ" አለች።

"ሁለተኛውና ሦስተኛው ልዩነት አላቸው እንዴ?"

ሳቀች። ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች፣ የሚሰማት ሰው ያለ ይመስል። ከዚያ ስለ ዘሩ ነገረችኝ። "አንተ ክር ፈትለህ የኖርክ ሰው ነህ። ዘር እንደ ክር ነው። የድሮ ሰው ክር ተበጣጥሶ፣ ጫፍ ጫፉ ተበልቶ ነው የሚገኘው። ቁርጥራጩን እየቀጠልን ነው የምናነበው። ሙሉ ክር ካገኘን የአሁን ሰው ነው ማለት ነው።" ጥርሱንና ከጆሮ ውስጥ ያለውን፣ ከአካላችን ሁሉ የሚጠነክረውን አጥንት እየለየች ጠቀለለችና ባሕር ማዶ ወዳለ ምርመራ ቤት ላከች። የጥርሱ መልስ ቀድሞ ይመጣል፣ የጆሮው አጥንት ይዘገያል አለች።

አስተባባሪው የመጣው ያኔ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ሁላችንም አስተባባሪው ነበር የምንለው። መሬቱን የሚያስለቅቀው እሱ ነው። ጥቁር አፈር ጫማው ላይ ሲለጠፍ ቆሞ በሶፍት የሚጠርግ ሰው ነበር፤ ሶፍቱን ማሳ ላይ ጥሎ ይሄዳል።

"ዶክተር፣ ሥራው ቆሟል እኮ" አላት። "የሽማግሌው የቤተሰብ መቃብር ከሆነ ይነገረን፤ መቃብር ከነቤቱ ተከልሎ እንዲቀር ይታያል። ካልሆነ ደግሞ ካልሆነ ይባልና ዶዘሩ ይቀጥል።"

"መልሱ ሲመጣ" አለች።

ወሬው በየሻይ ቤቱ ነደደ። ማሳቸውን የለቀቁት ገበሬዎች የሰፈሩበት የገጠሩ ሰፈር ልጆች "የኛ አባት ነው" አሉ። ሳሪስ ያገኘሁት አንድ የድሮ የፋብሪካ ባልደረባዬ ደግሞ ትከሻዬን ይዞ "አጥንቱ የኛ ነው አይደል?" ብሎ በጆሮዬ ሹክ አለኝ። የኛ ማን እንደሆነ አልገባኝም። ሁሉም ሰው ከዚያ ራስ ቅል አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ከሁሉ ቀድሞ እዚህ የነበረው ያንተ ወገን ነው እንዲለው። እሷንም "የየት አገር ልጅ ነሽ?" ይሏታል። "የአጥንት ለቃሚ ልጅ ነኝ" ትላለች። ማንም አልሳቀላትም።

በመሃል አስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። በየመንገዱ የሚቃጠል ጎማ ሽታ ነበር፣ እሱ ጠፋና ዝምታ መጣ። ዝምታው ይብሳል። ሰው ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣ ዙሪያውን ያያል። እኔ ራሴ የሰፈር ልጅ ሰላም ሲለኝ ለምን ሰላም አለኝ ብዬ አስብ ጀመር።

ስልኳ የጮኸው እንዲህ ባለ ቀን ረፋድ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ አወራች። ፊቷ አመድ መሰለ። ስልኩን ዘግታ፣ "ጥርሱ ከኦቦ ቱሉ ጋር አንድ ነው አሉኝ" አለች።

ሙሌ አካፋውን ጣለው። "እልል በሉ!" ብሎ ወደ ገጠሩ ሰፈር በረረ። "ሙሌ! ቆይ!" ብላ ጮኸች፤ ሙሌን ጥይት አይመልሰውም።

"ደስ አይበልሽም?" አልኳት። "ሽማግሌው ቤታቸው ተረፈ ማለት አይደለም?"

"አልገባህም። ክሩ ሙሉ ነው። ጫፉ አልተበላም። የአሁን ሰው ነው። ኦቦ ቱሉ በእጃቸው ስለነኩት ብቻ ይሄን ያህል አይገባም። ጥርሱ ውስጥ ምን አስገባው?"

"መርቀውት ይሆናላ" አልኩ።

"እንዴት መርቀውት?"

"እንዴት ይመረቃል? እንትፍ እንትፍ ብለው ነዋ!"

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ሳቋ መጣ። እንባዋ እስኪፈስ፣ ሆዷን ይዛ፣ ሳጥኑ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ከገጠሩ ሰፈር እልልታ ተሰማ። ሳቋ እንደ ተቆረጠ ክር ቀረ።

"ጋሼ" አለች፣ "ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?"

ኦቦ ቱሉ ደጅ ሰው ሞላ። ልጆቹ ሽማግሌውን ከበው "አያትዎ ናቸው! አያትዎ ናቸው!" ይላሉ። እሳቸው መሬት ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። ልጅ ሳይወለድለት የቆየ ሰው ልጅ ሲያቅፍ እንደሚያለቅሰው። አስካለ ከሩቅ ቆማ አየቻቸው፤ አልቀረበችም።

ከሰዓት በኋላ አስተባባሪው ደረሰ። ዛሬ ጫማውን አልጠረገም።

"ማነው ያወጀው? በዚህ ጊዜ? ሕዝብ ማነሳሳት ምን እንደሚባል ያውቃሉ ዶክተር?"

"እኔ አላወጅኩም። ተጣድፎ የተወራ ነው።"

"እንግዲያው ይፈርሙ።" ወረቀት አወጣ። አጥንቱ ከአካባቢው ነዋሪ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው መሆኑን አረጋግጣለሁ ይላል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ ፋብሪካው ውስጥ ከሥራ በኋላ ነው፤ የተጻፈ ነገር እስከ ዛሬ ያስፈራኛል። ከትከሻዋ በላይ ቀስ ብዬ አነበብኩት።

"ይሄን አልፈርምም" አለች፣ ወረቀቱን እየመለሰችለት። "ዝምድና የለውም አላልኩም።"

"አለውም አላልሽም፣ የለውም አላልሽም! ምንድን ነው የምትይው?" አንቺ ማለት ጀመረ። "ነገ አዳራሽ ሕዝቡን እሰበስባለሁ። ፊታቸው ቆመሽ ትናገሪያለሽ። አነጋገርሽን አሳምሪ፤ ቃሊቲ ቅርብ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንተ ሽማግሌ፣ አንተም ትመጣለህ። ስምህ ተመዝግቧል።"

እሱ ሲሄድ እኔ ያለኝን ምክር ሰጠኋት። ክፉ ምክር አልነበረም፤ አሁንም አይመስለኝም። "ስሚ፣ አያታቸው ነው በይ። ልጆቹ ይሸከሙሻል፣ ሽማግሌው ቤታቸውን ያገኛሉ። እስር ቤት ከገባሽም ሕዝብ ስንቅ ያመላልስልሻል። ጥርሱ ላይ የተገኘው ምራቅ መሆኑን ከኔና ካንቺ ሌላ ማን ያውቃል?"

ራሷን ነቀነቀች። "ዛሬ ለኦቦ ቱሉ ብዬ አጥንቱን ካስመሰከርኩት፣ ነገ ሌላው ይመጣል፣ ለኔም አስመስክሪልኝ ይላል። ኦቦ ቱሉን ስለምወዳቸው ነው ዛሬ የምዋሸው። ነገ የሚመጣውን ስለምፈራው እዋሻለሁ። ከዚያ በኋላ በየመንደሩ አጥንት እየተቆፈረ ሰው ይገደልበታል። ጋሼ፣ እኔ ይሄን ነው የምፈራው። ከቃሊቲ በላይ የምፈራው ይሄን ነው።"

"ቃሊቲ ገብተሽ ስለማታውቂ ነው" አልኳት።

"እሱም አለ" አለች።

በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሏል። በሩ ላይ መሣሪያ የያዙ ቆመዋል። አስካለ ከመግባቷ በፊት ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከግንቡ ሥር አስመለሳት። ውኃ ሰጠኋት፤ አፏን ተጉመጠመጠች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ገባች።

ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች። "ጥርሱ ላይ ያገኘነው ዘር የኦቦ ቱሉ ነው" አለች። ጭብጨባ ተነሣ። እጇን ሳታነሳ ጠበቀች። "ግን የድሮ አይደለም። የአሁን ነው። አባባ ቱሉ ሲመርቁት ያረፈበት ምራቅ ነው።"

 መጀመሪያ የተሰማው ሳቅ ነው፣ ከኋላ። ከዚያ አንድ ወጣት ተነስቶ፣ "ሽማግሌያችንን ልትሰድቢ ነው የመጣሽው?" አለ። ሌላው፣ "ምን ቃል ገቡልሽ?" አለ። ሌላው የተናገረውን አልጽፈውም።

አስተባባሪው ፈገግ ብሎ ማይኩን ያዘ። "እንግዲህ ከባለሙያ ሰምታችኋል። አጥንቱ የማንም አይደለም። ስለዚህ..."

"የማንም አይደለም አላልኩም" አለች።

"ዶክተር፣ ጨርሰዋል።"

"አልጨረስኩም። የማን እንደሆነ አላውቅም ነው ያልኩት። የጆሮው አጥንት መልስ አልመጣም። እስኪመጣ ድረስ መሬቱ መነካት የለበትም።"

እኔ ያን ቀን "አላውቅም" የሚል ቃል ሰው እንደሚያሳስር ተማርኩ። ያ አዳራሽ የናንተ ነው የምትለዋንም፣ የናንተ አይደለም የምትለዋንም ይችል ነበር። አላውቅም ከምትለዋ ጎን ግን ማንም አልቆመም። አስተባባሪው በሩ ላይ ያሉትን አያቸው። ወጣቶቹ ወደፊት ገፉ። እኔ ከቆምኩበት አልተንቀሳቀስኩም።

ኦቦ ቱሉ በዱላቸው መሬቱን ደበደቡ። ተነሥተው እስኪቆሙ ጊዜ ወሰደባቸው። ሰው ቀስ በቀስ ዝም አለ።

"እውነቷን ነው" አሉ። "መርቄዋለሁ። አያቴ ነው ብዬ አይደለም። ሰው ስለሆነ ነው። ሰው ሜዳ ላይ ወድቆ ሳይመረቅ ይታለፋል እንዴ?" ወጣቶቹን አዩአቸው። "ልጅቷን ተዋት።" ከዚያ ወደ አስተባባሪው ዞሩ። "ቤቴን ፈልገህ ከሆነ ቤቴን ውሰድ። ከኔ ጋር ተነጋገር፣ ከሙት ጋር ምን አለህ?"

ቤታቸውን በገዛ አፋቸው ሰጡ። እሷ ያን ስትሰማ የነበራትን ፊት አልረሳውም። ማልቀስ እንኳ ፈራች።

ከአዳራሹ ስንወጣ ታርጋ የሌለው መኪና ቆሞ ነበር። "ዶክተር፣ ለትንሽ ጥያቄ" አሏት። ቦርሳዋን ለኔ ሰጠችኝና ገባች። ወዴት እንደወሰዷት ማንም አልነገረኝም። እኔንም ጠርተው ጠይቀውኛል፤ ምራቅ ነው ወይስ አይደለም፣ ማን ላከህ፣ የየት አገር ሰው ነህ። ስመለስ ለሚስቴ ምንም አልተናገርኩም። ስልክ ሲጮህ ተነሥቼ ወደ ጓሮ መሄድ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

አስካለ ተፈታች። ድንኳኗን ልትነቅል መጣች፤ ከስታለች። "ምንም አላደረጉኝም" አለች ሳልጠይቃት። ግን ጀርባዋን ለሰው አትሰጥም ነበር፤ ከድንኳኑ ግድግዳ ጋር ተለጥፋ ነው የቆመችው። መጁን፣ ቀንዱን፣ አጥንቱን በሳጥን ጫነች። ዶዘሩ ማዶ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ፒክአፑ ከሜዳው ሳይወጣ ዶዘሩ ቁልቋሉን ገፋው።

ኦቦ ቱሉን ልጃቸው ከድሮ ማሳቸው ፊት ለፊት ካለው ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ተከራይታ አስገባቻቸው። አልፎ አልፎ እሄድላቸዋለሁ። መስኮቱ ላይ የብረት ፍርግርግ አለ። "ጥሩ በረት ነው" ይላሉ።

ክረምትና በጋ ካለፈ በኋላ አስካለ ደወለች። መልሱ መጥቷል፣ ለኦቦ ቱሉ በአፌ ልነግራቸው እፈልጋለሁ፣ ብቻዬን ግን አልመጣም አለች። አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ተቀበልኳት። ቀትር ነበር።

ኦቦ ቱሉ ከአልጋቸው ጫፍ ተቀመጡ። እሷ ዱካ ላይ።

"አባባ፣ ወንድ አይደለም። ሴት ናት" አለች።

"ሴት!" አሉ። በጣም ደስ አላቸው። "እኔ ደግሞ እንደ ወንድ መረቅኳት።"

"እናቷ ከሩቅ ከብት እየነዱ ከመጡት ወገን ናት። የቀረው ደሟ እዚሁ እየዘሩ ይኖሩ ከነበሩት ነው። በልጅነቷ የተቀበረችም አይደለችም፤ አርጅታ፣ ተከብራ፣ ከመጇና ከቀንዷ ጋር ነው የቀበሯት።"

"ታዲያ የማን አያት ናት?"

"የብዙ ሰው ልትሆን ትችላለች። የእርስዎም፣ የጋሼ ደምሴም፣ የእኔም።"

"የዚያ ሰውዬስ? የአስተባባሪው?"

"የሱም።"

"እሱን እንኳ ተዪልኝ" አሉ። ሦስታችንም ሳቅን። አስካለ አፏን ሳትሸፍን ስትስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ኦቦ ቱሉ ወደ መስኮቱ ዞሩ። በፍርግርጉ ወደ ውጭ ያያሉ። አዲስ የተጠናቀቀ ብሎክ ነበር፤ ዕጣ የወጣለት ሰው እየገባ ነው። ፌርማታው ላይ አውቶቡስ ቆሞ ሰው ያወርዳል።

"ልጄ" አሉ። "እዚህ የነበሩት ሰዎች፣ ከብት የያዙት ሲመጡባቸው፣ ምን ሆኑ?"

"አንዳንድ ቦታ ተጋቡ። እንደዚች ያሉ ልጆች ወለዱ።"

"አንዳንድ ቦታስ?"

እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በሌላው እጇ ያዘችው። "አንዳንድ ቦታ፣ አባባ፣ ከዚያ በኋላ አጥንታቸው አይገኝም።"

ሽማግሌው ከመስኮቱ ዓይናቸውን አላነሡም። "እኛስ" አሉ፣ "የትኞቹ ነን?"

አስካለ ጉልበታቸውን ሳመችና ተነሣች። ደጅ ስንወጣ ክንዴን ያዘች፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሞላበት መንገድ ላይ። "ጋሼ፣ እስከ አውቶቡሱ ሸኘኝ" አለች። እኔም መሸኘት ፈልጌ ነበር፤ ብቻዬን መመለስ ነው ያስፈራኝ።

አውቶቡሱ ያወርዳል። ፍራሽ፣ ባልዲ፣ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ በጨርቅ የታሰረ ድስት። አንዲት ወጣት ሴት፣ ልጅ በጀርባዋ አዝላ፣ የፍራሽ ጫፍ ትጎትታለች፤ ጫፉ ጥቁሩ አፈር ላይ ይንፏቀቃል።

"እናቴ" አለቻት አስካለን፣ "አዲሱ ብሎክ በየት በኩል ነው? ከሌላ ሰፈር አፍርሰውብን ነው የመጣነው፤ ቦታውን አላውቀውም።"

አስካለ ዞራ አየችኝ። ከዚያ ቦርሳዋን አንገቷ ላይ አጠለቀችና ጎንበስ ብላ የፍራሹን ሌላ ጫፍ ያዘች። እኔ ባልዲዎቹን አነሣሁ። በኦቦ ቱሉ ማሳ መሃል በተቀደደው መንገድ ሄድን። ዞር ብዬ ሳይ ሽማግሌው ፍርግርጉን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል፣ ከመጡት ጋር ስንገባ ያዩናል።